ስም አይነዳም!

የፔጆን ስም በእኛ ሰው ዘንድ ያስከበሩት 404 እና 504 ናቸው። በተለይ 504 እ.ኤ.አ. በ1968 ከወጣች ወዲህ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር አዳርሳለች፤ ናይጄሪያ ውስጥ ካዱና ከተማ ሳይቀር ተገጣጥማለች። ኮረኮንቹን ችላ፣ አቧራውን ጠጥታ፣ በመንገድ ዳር መካኒክ እየተጠገነች ስንቱን ቤተሰብ አመላልሳለች። ስሟን በላቧ ነው ያገኘችው። ችግሩ የሚመጣው ይህንን የአያት ስም ይዘን ለልጅ ልጅ ዋስ ስንጠራው ነው።

ፈረንሳይ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን መኪና ሊገዙ ሲነሱ ወደ አዲስ አበባ ይደውላሉ። አጎት ስልኩን ይቀበልና "ፔጆ ከሆነማ ምን ትጠይቂኛለሽ? ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ!" ይላል። በቅርቡ ሊዮን ያለችው የአክስቴ ልጅ ለእኔም ደውላ ነበር። የሦስት ልጆች እናት ናት። የወደደቻት መኪና ባለ ሰባት መቀመጫ ፔጆ 5008 ናት፤ ብዙም አልተነዳችም፣ ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ሞተሯ 1.2 ፒውርቴክ ቤንዚን ነው። "ምን ይመስልሃል?" አለችኝ። የሰጠኋት መልስ ለሌላውም ይበጃል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሞተሩ መናኛ አይደለም። ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ ቤንዚን ይቆጥባል፤ ከእ.ኤ.አ. 2015 እስከ 2018 በተከታታይ በመደቡ የዓመቱ ምርጥ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። ጣጣው ያለው ከውስጥ ነው። በብዙ መኪኖች ታይሚንግ ቺንጋው ከዘይት ርቆ በደረቁ ይሠራል፤ ወይም በቺንጋ ፈንታ ካቴና ይገጠማል። በዚህ ሞተር ግን ቺንጋው እዚያው ዘይት ውስጥ እየተነከረ ይሽከረከራል። ዘይቱ ቤንዚን ሲቀላቀልበት፣ ሳይቀየር ሲከርም ወይም ዓይነቱ ሲሳት ቺንጋው ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ደግሞ ሄዶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ያልደረሰው ሞተር መጨረሻው ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ይኸው ፍርፋሪ ፍሬንን የሚያግዘውን ፓምፕም ሊያውክ ስለሚችል ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከኋላ ወንበር ሦስት ልጆች ተቀምጠዋል!

የፔጆና የሲትሮይን ባለቤት የሆነው ስቴላንቲስ ብዙ ጩኸት ከሰማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ለዚህ ችግር የሚሰጠውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር አራዘመ፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ቀደም ሲል ከኪሳቸው ከፍለው ላስጠገኑ ሰዎች የካሣ መጠየቂያ ከፈተ። እሰየው ነው። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መኪናዋ በኩባንያው ፕሮግራም መሠረት ሰርቪስ የተደረገች መሆኗ መረጋገጥ አለበት።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥያቄ። የፊተኛው ባለቤት ሰርቪስ ዘንግቶ ቢሸጣት ሁለተኛዋ ገዢ ምን በወጣት ትከፍላለች? ኩባንያው "ላልተጠበቀ መኪና አልከፍልም" ማለቱ በራሱ ክፋት የለውም። ነገር ግን ቺንጋውን ዘይት ውስጥ የነከረው ነጂው ነው እንዴ? ኩባንያው ራሱ በኋላ ባወጣው ባለ 136 ፈረስ ጉልበት ሃይብሪድ ሞተር ላይ ቺንጋውን አውጥቶ ካቴና አስገብቶበታል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ሞተሩን የሠራው እያለ ዕዳውን ደረሰኝ በጠፋበት ገዢ ላይ መጫን፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

የፈረንሳይ መኪና ሁሉ ክፉ ነው የሚል ደግሞ ሌላኛው ስህተት ነው። የሬኖን 1.5 ናፍጣ ሞተር መርሴዲስ ሳይቀር ወስዶ በመኪኖቹ ላይ ገጥሞታል። በአንጻሩ የዚያው የሬኖ 1.2 ቲሲኢ ቤንዚን ሞተር ዘይት እየጠጣ ስንቱን አማሯል። አንድ ስም፣ ሁለት ጠባይ! መጠየቅ ያለበት "ማን ሠራት?" ሳይሆን "የትኛውን ሞተር ይዛለች?" ነው።

ለአክስቴ ልጅ ያልኳት ይህንን ነው። በመጀመሪያ የሰርቪስ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ተቀበዪ፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነት እዪ። በሻንሲ ቁጥሯም የኩባንያው ወኪል ዘንድ ታሪኳን አስፈትሺ። ሁለተኛ፣ የቺንጋው ስፋት በዘይት መሙያው ቀዳዳ በኩል ይለካል፤ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም፤ ሻጩ አላስለካም ካለ መልሱን ሰጥቶሻል። ሦስተኛ፣ የዋስትናውን ሂሳብ ራስሽ ሥሪ። እ.ኤ.አ. በ2021 መንገድ የወጣች መኪና በዓመት ቆጠራ እስከ 2031 ትሸፈናለች፤ በዓመት 35,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳች ግን በ5 ዓመት ዋስትናው አለቀ። አቅም ከፈቀደ ደግሞ ባለ ካቴናውን ፈልጊ።

አጎቶችም እባካችሁ፣ ከአሁን በኋላ ስልክ ሲደወልላችሁ ስለ 504 ጀግንነት ከማውራታችሁ በፊት "ደረሰኝ አላት ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ የሌላት መኪና በግማሽ ዋጋ ብትቀርብ እንኳ፣ ሻጩን አመስግኖ መሄድ ነው።