በስድስተኛው ክፍል የተደበቀችው ሚስት

አስፈሪ ፊልም በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ላይ ምን ሊሠራ መጣ የሚሉ አንባብያን እንደሚኖሩ እናምናለን። ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ወር ደመወዝ አያያዝና ስለ ትዳር ሰላም በሚጻፍበት ገጽ ስለ አጋንንት ማውራት የማይጣጣም መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን «ሄልሬዘር» በሚል ስም የታወቁት ተከታታይ ፊልሞች፣ ደሙና ሰንሰለቱ ወደ ጎን ሲደረግ፣ ከመነሻቸው የአንድ ቤትና የአንድ ትዳር ታሪክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ስድስተኛው ክፍል «ሄልሲከር» ደግሞ ሚስቱን ለውርሷ ሲል ሊያስጠፋት ስላሰበ ባልና የእጁን ስለ ሰጠችው ሚስት የሚናገር ነው። ፊልሙ ደካማ ነው፤ ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል። ሆኖም ከነደካማነቱ ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር አለው።

ታሪኩን ለመረዳት ወደ መጀመሪያው ፊልም መመለስ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ክላይቭ ባርከር በ1986 ያወጣውን አጭር ልብ ወለድ መሠረት በማድረግ፣ በ1987 ራሱ ዲሬክተር ሆኖ «ሄልሬዘር»ን ሠራ። ላሪ የተባለ ሰው ከሁለተኛ ሚስቱ ከጁሊያ ጋር ወደ ቤተሰቡ አሮጌ ቤት ይገባል። ጁሊያ ግን ከባሏ ተደብቃ ከወንድሙ ከፍራንክ ጋር ግንኙነት ነበራት። ፍራንክ የደስታን ጥግ እፈልጋለሁ ብሎ ሲባዝን ያገኘውን አንድ የእንቆቅልሽ ሣጥን በመክፈቱ፣ ሴኖባይት የሚባሉ ፍጡራን መጥተው ሥጋውን በሰንሰለት በጣጥሰውታል። ላሪ ዕቃ ሲያስገባ እጁን ምስማር ይቧጭረውና ደሙ ከጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ወለል ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ደም ፍራንክ እንደገና ሥጋ መልበስ ይጀምራል። የቀረው ሥጋ እንዲሟላለትም ጁሊያ የማታውቃቸውን ወንዶች እያባበለች ወደ ቤት ታመጣለች፤ በመዶሻም ትገድላቸዋለች።

ይህን ጉድ የደረሰችበት የላሪ ልጅ ኪርስቲ ናት፤ ለጁሊያ የእንጀራ ልጇ መሆኗ ነው። ሣጥኑ በእጇ ገብቶ ምንነቱን ሳታውቅ ስትከፍተው ፍጡራኑ ሊወስዷት ይመጣሉ። እርስዋም ከእነርሱ ያመለጠውን ፍራንክን ልታሳያቸው፣ በምትኩም ራሷን እንዲተዉላት ትዋዋላቸዋለች። ይህን ውል አንባብያን እንዲያስታውሱት እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ፊልም ገበያ ስለ ቀናው ተከታዮች መውጣታቸው አልቀረም። በ1988፣ በ1992 እና በ1996 የወጡት ሦስቱ በሲኒማ ቤት ታዩ። ከ2000 እስከ 2018 የወጡት ስድስቱ ግን የሲኒማ ቤቱን መንገድ ትተው በቀጥታ በካሴትና በዲቪዲ ለቤት ተመልካች ቀረቡ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ሒሳብ ቀላል ነው። ኩባንያው ለትልቅ ማስታወቂያና ለሲኒማ ቤት ስርጭት ገንዘብ አያወጣም። በአነስተኛ በጀት ያሠራውን ፊልም በታወቀ ስም ጠርቶ፣ የታወቀ ፊት ሽፋኑ ላይ ለጥፎ ወደ ኪራይና መሸጫ መደብር ይልከዋል። ተከራዩ ስሙን አምኖ ይወስዳል፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። ከላይ ለጋ መስሎ ከሥር ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ገዝታ የምታውቅ እናት ለዚህ ዘዴ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ለምሳሌ በ2005 የወጣው ሰባተኛው ክፍል ከሄልሬዘር ጋር ምንም ግንኙነት ካልነበረው ሌላ የፊልም ድርሰት ተወስዶ የተሠራ ሲሆን፣ ፊቱ በምስማር የተሞላው የፍጡራኑ አለቃ ፒንሄድ ኋላ የተጨመረበት ነው። በ2011 የወጣው ዘጠነኛው ደግሞ ኩባንያው የፊልሙን መብት እንዳያጣ ሲባል በጥድፊያ የተሠራ ነው። ባርከር እርሱ የሌለበት ሥራ መሆኑን በይፋ ተናግሮ እጁን ታጥቦበታል። በስምንቱ ፊልሞች ላይ ፒንሄድን ሆኖ የተጫወተው ዳግ ብራድሌይም በዚህኛው አልገባም። «ሄልሲከር» ከዚህ ዝቅጠት በላይ ቢሆንም የዚሁ ገበያ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። አሜሪካኖች ለእነዚህ ፊልሞች የሰጡት ደረጃ፣ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ወደ ሲኒማ ቤት እንዳይገባ የሚያደርግ ነው። በሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ቆራጭ አለ፤ በቤት ውስጥ ግን ከእናትና ከአባት በቀር በር ጠባቂ የለም። ዛሬ ፊልሙ በስልክ ስለሚታይ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለትላልቆቹ ነው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚታይ፣ ባይታይም የማይጎዳ ፊልም ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። መጨረሻውን ሳያውቁ ማየት የሚፈልጉ አንባብያን እዚህ ላይ ጋዜጣውን አጥፈው ማስቀመጥ ይችላሉ። ኪርስቲ አድጋለች፤ ትሬቨር የተባለ የቢሮ ሠራተኛም አግብታለች። ባልና ሚስቱ በመኪና ሲሄዱ መኪናው ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ትሬቨር ይወጣል፤ ኪርስቲ ከውስጥ ትቀራለች። ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ ከአደጋው አንድ ወር አልፏል፤ ትዝታውም ተቆራርጧል። የሚስቱ አስከሬን አልተገኘም። መርማሪ ፖሊሶች ይጠረጥሩታል፤ ራስ ምታት ያሠቃየዋል፤ የሚያየው ሕልም ይሁን እውን መለየት ያቅተዋል። አለቃው፣ ጎረቤቱና በመርፌ የምታክመው ሴት በየተራ ይቀርቡታል፤ ከሦስቱም ጋር ነገር እንደ ነበረው ቀስ በቀስ ይገባዋል። ቀጥሎም ሞታቸውን ያያል።

ተመልካቹ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚጓዘው በዚህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እርሱም እንደ ምስኪን ይታየናል፤ ሚስቱን ያጣ፣ ራሱን የማያውቅ፣ ሁሉ የሚገፋው ሰው ይመስላል። በመጨረሻ ግን እውነቱ ይወጣል። ትሬቨር የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ ነው። ከሥራ ባልደረባው ከብሬት ጋር ተማክሮ፣ ኪርስቲን አስወግዶ ሀብቷን ለመውረስ አስቦ ኖሯል። ያንን የተረገመ ሣጥንም የጋብቻቸውን ዓመት ምክንያት አድርጎ በስጦታ መልክ የሰጣት እርሱ ራሱ ነው። እርስዋ ስትከፍተው ፒንሄድ ይመጣል። ኪርስቲም እንደ ልጅነቷ ትዋዋላለች፤ በራሷ ነፍስ ፋንታ አምስት ነፍሶች ልትሰጥ። ሦስቱን የባሏን ውሽሞችና ብሬትን ትገድላለች። አምስተኛው ራሱ ትሬቨር ነው፤ መኪናው ውስጥ ተኩሳ ስትገድለው ነው ወንዝ የገቡት። ለመለየት የተጠራበትን አስከሬን ጨርቁን ሲገልጥ የሚያየው የራሱን ፊት ነው። እኛም እስከዚያ ድረስ ያየነው ሁሉ የሞተ ሰው ሲኦል ነበር። ኪርስቲ በሕይወት ወጥታ፣ ግድያዎቹን ሁሉ በሟቹ ባሏ ላይ አላክካ ከፖሊሶቹ ትሰናበታለች።

ስለ ሥራው ጥራት ብዙ አንል። ዲሬክተሩ ሪክ ቦታ ቀድሞ ካሜራ ባለሙያ ስለ ነበር ብርሃንና ጥላ ይችልበታል፤ የሆስፒታሉ ኮሪደርና የቢሮው ጠረጴዛ ሳይቀሩ ያስፈራሉ። ፊልሙ የተነሣው በካናዳ በቫንኩቨር ነው። ትሬቨርን ሆኖ የተጫወተው ዲን ዊንተርስ ግራ የተጋባን ሰው ፊት አሳምሮ ያሳያል። ዳግ ብራድሌይ እንደ ልማዱ ጥቂት ደቂቃ ታይቶ ይሄዳል። የሚያሰለቸው ድግግሞሹ ነው። ትሬቨር አንድ ዘግናኝ ነገር ያያል፣ ይባንናል፤ ሌላ ያያል፣ እንደገና ይባንናል። ከሦስተኛው በኋላ ተመልካቹ አይደነግጥም፤ ቡናው እንዳይገነፍል ተነሥቶ ቢያይ ምንም አያመልጠውም።

ዋናው ቅሬታችን ግን ሌላ ነው። አሽሊ ሎረንስ በ1987 የጀመረችውን ኪርስቲን ልትጫወት ተመልሳ መጥታለች። በ1992ቱ ፊልም ላይ ለአፍታ ብቻ ስለ ታየች ተመልካቹ ይናፍቃት ነበር። ስድስተኛው ፊልም ግን ይህችን ሴት በወንዙ ውስጥ ጥሏት ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጨረሻው ድንገተኛ ነገር እንዳይነቃበት ሚስትየዋ መደበቅ ነበረባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለአምስት ደቂቃ ድንጋጤ ሲባል ትልቁ ታሪክ ተጣለ። ባሏ ሌላ ሴት እንዳለችው የተረዳችው እንዴት ነው? አንድ እንዳልሆኑ ሦስት እንደሆኑ ስታውቅስ? ስጦታውን ፈትታ ሣጥኑን ስታየው፣ አባቷን ያስገደለ ሣጥን መሆኑን ስታውቅ፣ በዚያች ደቂቃ ባሏን እንዴት አየችው? በዚያው ቤት፣ በዚያው ማዕድ ላይ ስንት ቀን አብራው ተቀመጠች? እነዚህ ጥያቄዎች ከፒንሄድ ምስማር ይበልጥ የሚያስፈሩ ናቸው፤ ፊልሙ ግን አንዱንም በቅጡ አይመልስም። የበደለው ባል ሰዓት ተኩል ሲሰጠው የተበደለችው ሚስት የምትናገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሦስቱ ሴቶችም አሉ። እነርሱን የምናያቸው በትሬቨር ዓይን ብቻ ነው። በእርሱ ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጡት እነርሱ ናቸው፤ የሚያባብሉት፣ የሚጎትቱት፣ እንቢ ሲል የሚቆጡት እነርሱ ናቸው። እርሱ ሳይፈልግ የተወሰደ ሰው ይመስላል። ሚስቱን ሊያስጠፋ ያሰበ ሰው ትዝታ ራሱን እንዲህ ቢያነጻ አይገርምም፤ ፊልሙ ግን የትዝታውን ውሸት ለይቶ አያሳየንም። አለቃው ማን ነበረች? ጎረቤቱስ ቤት ምን ነበር? አናውቅም። ገላቸውንና አሟሟታቸውን ብቻ አይተን እናልፋለን።

በኪርስቲ ሒሳብ ላይም የምንስማማው ግማሹን ነው። ብሬትና ትሬቨር ሊገድሏት ተማክረዋል። ሦስቱ ሴቶች ግን ጥፋታቸው ከባለትዳር ወንድ ጋር መሄዳቸው ነው። ይህ ጥፋት አይደለም አንልም፤ በዚህ ገጽ ላይ በዚህ ምክንያት ስለ ፈረሰ ቤት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ነገር ግን ከነፍስ ግድያ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። በ1987 ኪርስቲ የሰጠችው ነፍስ ፍራንክን ነው፤ እርሱም ከፍጡራኑ ያመለጠ፣ አባቷን ያስገደለ ሰው ነበር። በ2002 የሰጠቻቸው ግን ለፍጡራኑ ምንም ዕዳ አልነበረባቸውም። አምስት መሙላት ስለ ነበረበት ተቆጠሩ።

ልብ ብሎ ለተመለከተው ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ሰዎችን አንድ በአንድ እየገደለች ለፈለገችው ነገር ዋጋ የምትከፍል ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ በፊት አይተናል። ያቺ ሴት ጁሊያ ናት፤ የኪርስቲ የእንጀራ እናት። ጁሊያ የገደለችው ውሽማዋን ለማዳን ነበር፤ ኪርስቲ ራሷን ለማዳን ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ይሁን እንጂ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የእንጀራ ልጅ የእንጀራ እናቷን መዶሻ አነሣች ማለት ይቻላል። የተከዳች ሴት ለምን ወደዚህ እንደ ደረሰች በዝግታ የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ፣ ሲኒማ ቤት ሊሞላ የሚችል ፊልም በሆነ ነበር። የ«ሄልሲከር» ሠሪዎች ይህን ሐሳብ በእጃቸው ይዘውት አላዩትም። ተመልካቹ በመጨረሻ ለኪርስቲ እንዲያጨበጭብ ነው የሚፈልጉት፤ እኛ ማጨብጨቡ አልሆነልንም፤ መፍረዱም እንዲሁ።

በመጨረሻው ትዕይንት መርማሪው ሣጥኑን ለኪርስቲ ይመልስላታል። የባሏ ስጦታ ነውና ተቀብላ፣ በጭጋጉ ውስጥ ብቻዋን ትሄዳለች። ሎረንስ በዚያች ቅጽበት ፊቷ ላይ ደስታም ጸጸትም አታሳይም፤ በጠቅላላው ፊልም ውስጥ ይህ ከሁሉ የተሻለው ትወና ነው። ያቺ ሴት ሣጥኑን ይዛ ወዴት እንደ ሄደች፣ ቤት አላት ወይ፣ ማታ ትተኛለች ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እስከ 2022 ድረስ አምስት ተጨማሪ ሄልሬዘሮች ወጥተዋል፤ በአንዱም ላይ ኪርስቲ የለችም።