ለጎዳና ውሾች ነፃ ክትባት ቅንጦት አይደለም፤ የልጆቻችን ጤና ነው!



«ሰው መታከሚያ ባጣበት ከተማ ለጎዳና ውሻ ነፃ ሕክምና?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ቁጭታችሁ ይገባኛል። ግን ነገሩን ከልጅ ጤና አንፃር እንየው።

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ደግሞ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፊቱ ላይ ይነከሳል፤ ቁጣ ፈርቶም ይደብቃል።

«ታዲያ በመርዝ አይጨርሷቸውም?» የሚል አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል፤ ውሾቹ ግን ዛሬም አሉ። የቆሻሻው ክምር እስካለ ድረስ በሞቱት ምትክ ያልተከተቡ ውሾች ከሌላ ሰፈር ይመጣሉ። መርዙ የተከተበውንም አይለይም፤ ልጅ እጅም ሊገባ ይችላል።

የሚሠራው ክትባት ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ሜክሲኮ ውሾቿን ለዓመታት በዘመቻ፣ በነፃ ከተበች። በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፍ ሬቢስ ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ልብ በሉ፣ «በነፃ» ነው። ባለቤት ለሌለው ውሻ ማን ይከፍላል?

«በጀት የለም» ለሚሉን መልሱ ቀላል ነው። የተነከሰ ልጅ በተለያዩ ቀናት ተደጋጋሚ መርፌ ይወጋል፤ ወላጁም ከሥራ ይቀራል። ውሻው ግን በዓመት አንድ መርፌ ይበቃዋል። የቱ ይረክሳል?

ስለዚህ በየወረዳችሁ ጠይቁ፦ ለጎዳና ውሾች ነፃ ክትባት፣ ማምከንና ሕክምና፤ ቆሻሻም በወቅቱ ይነሳ። የቤት ውሻ ያላችሁ ዛሬውኑ አስከትቡ።

እስከዚያው ልጃችሁ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፦
✅ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ
✅ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት
❌ በባህል መድኃኒት ቀን አታጥፉ
❌ «ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ አትተዉት

መልእክቱን ልጅ ላላቸው ሁሉ ሼር አድርጉ።