የአንድ አህያ ነጋዴና የጎረቤት ገበያ

በቀድሞው ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከጎጃም ወይም ከከፋ ተነሥቶ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ በየወንዙ መሻገሪያና በየተራራው አንገት ኬላ ይጠብቀው እንደ ነበር፣ በየኬላውም ቀረጥ ሳይከፍል እንደማያልፍ ከአባቶቻችን አፍ ሰምተናል። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይታሰብ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ኬላ በነጋዴዎች ሁሉ ላይ እኩል የሚከብድ ሸክም አለመሆኑ ነው። ብዙ በቅሎ አስጭኖ በቅፍለት የሚጓዘው ባለጠጋ፣ ለኬላው ሹም የሚሰጠውን እጅ መንሻና በኬላው ደጅ የሚያባክነውን ቀን በጭነቱ ሁሉ ላይ ሲያካፍለው ከትርፉ እምብዛም አይጎድልበትም፤ አንዲት አህያ ጨው የጫነው ድኻ ግን ያንኑ እጅ መንሻ፣ ያንኑ ደጅ ጥናት፣ ያንኑ መጉላላት ሲጠየቅ፣ ሦስተኛው ኬላ ዘንድ ሳይደርስ አህያውን መልሶ ወደ መጣበት ይሄዳል። ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ አስፍተው መጻፋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በጉምሩክ በር የተቀመጠ ሰው ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚመለስ በዓይኑ ያያልና።

ያ የሲራራ ዘመን ኬላ ከአገር ውስጥ መንገድ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ግን እስከ ዛሬ ቆሞ አለ። ስለ አፍሪካ አገሮች የምጣኔ ሀብት ኅብረት ሲነገር የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ወደብ፣ ወደ ባቡር ሐዲድና ወደ ታላላቅ ፋብሪካዎች ይሮጣል። የእኔ እምነት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ባለ ትልቁ ፋብሪካ ድንበሩ ቢጠብበትም ጠበቃና ጸሓፊ ቀጥሮ፣ ባንክ አስይዞ፣ ወር ቢጠብቅም ችሎ ያልፋል፤ የኅብረቱን በረከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው የአንድ አህያ ነጋዴ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በሞያሌ ጥቂት ቀናት በሰነበትሁ ጊዜ አንዲት አሮጊት አትክልት ነጋዴ ተዋወቅሁ። ሴትዮዋ ከሰሜን ከሚመጡት የጭነት መኪኖች ቲማቲም እየተረከበች፣ የበሰለውን ከጥሬው በእጇ እየለየች፣ የጠነከረውን ከታች የለሰለሰውን ከላይ አድርጋ በእንጨት ሣጥን ትደረድር ነበር፤ እያንዳንዱንም ፍሬ ከመደርደሯ በፊት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገው ነበር። ደንበኞቿ ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያ ናቸው፤ ወዲያኛውም ከተማ ሞያሌ፣ ወዲህኛውም ሞያሌ ሲሆን፣ ከሱቋ ደጅ ሆና የማዶውን ቆርቆሮ ጣራ ታየዋለች። «እማማ፣ በሕጋዊው በር ለምን አያሻግሩትም?» ብዬ ብጠይቃት፣ አንድ ጊዜ ሞክራ እንደ ነበር ነገረችኝ። የላኪነት ፈቃድ ያስፈልግሻል ተባለች፤ ዲክላራሲዮን የሚሞላላት ትራንዚተር ብትጠይቅ፣ ለስምንት ሣጥን ቲማቲም የሚጠይቃት ዋጋ ለአንድ ተሳቢ መኪና ሙሉ ጭነት ከሚጠይቀው እምብዛም ያልተለየ ሆነ። «ወረቀቱ ሲጠናቀቅ ቲማቲሙ ፈሰሰ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃዋን በሌሊት በጓሮ መንገድ ለሚያሻግሩ ሞተረኞች ትሰጣለች፤ እነርሱም ከሦስት ሣጥን የአንዱን ዋጋ ይወስዳሉ፤ ዕቃው ቢያዝባት የምትከስሰው፣ ገንዘቧ ቢቀርባት የምትጮኽበት ደጅ የለም። በአፋችን ኮንትሮባንድ እንላታለን፤ እኔ ግን እጇን ካየሁ ወዲህ ይህን ቃል በእርስዋ ላይ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

ይህን ስል ግን በሞያሌ ምንም አልተሠራም ለማለት አይደለም። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች በተገኙበት በዚያ ስፍራ የአንድ መስኮት የድንበር አገልግሎት ተመርቋል፤ ቀድሞ ከአንደኛው አገር ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ወደ ሁለተኛው ሲገባ ዳግመኛ ይፈተሽ የነበረው ተጓዥና ጭነት፣ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ስፍራ እንዲያስተናግዱት ታስቦ የተሠራ ነው። ከኬንያዋ ኢሲዮሎ በማርሳቢት በኩል የሚመጣው የአስፋልት መንገድም ቀድሞ በአቧራና በጭቃ ቀናት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ አሳጥሮታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕንፃው የተሠራው ለመኪና ነው፤ በሸክምና በጋሪ የሚመጣው ሰው በዚያ ሰፊ በር ሲቆም የሚይዘው ወረቀት፣ እኔ በሰነበትሁበት ጊዜ ገና አልተሰጠውም ነበር።

ያ ወረቀት ግን በሌላ ስፍራ አለ። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ቡሲያ የምትባል ከተማ አለች፤ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ሰውን በብስክሌት እያፈናጠጡ ሲያመላልሱ የነበሩት ወጣቶች «ቦዳ ቦዳ» የሚለውን፣ ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ የታወቀውን ስም ያተረፉት በዚያ ጠረፍ ነው ይባላል። በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሥርዓት፣ በማኅበሩ አገሮች የተመረተና ዋጋው ከ2000 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ የያዘ አነስተኛ ነጋዴ፣ እዚያው ድንበሩ ላይ በምትሰጠው አንዲት ቀላል የመነሻ አገር ምስክር ወረቀት ያለ ጉምሩክ ቀረጥ ያልፋል። የአገር ውስጥ ግብርና የጤና ምርመራ አይቀርለትም፤ ሥርዓቱም ጉድለት የሌለበት ፍጹም ሥርዓት አይደለም፤ ብዙዎች ወረቀቱ መኖሩን ሳያውቁ እስከ ዛሬ በጓሮ ይሄዳሉ። ቢሆንም ዓሣና እንቍላል ተሸክማ የምትሻገር ሴት፣ ሕግ በእርስዋ ቁመት ልክ የተሰፋላት በመሆኑ፣ በቀን ብርሃን ቀና ብላ ልትሄድ ትችላለች። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ በሆነው በኮሜሳም ዘንድ ይህን የመሰለ ቀላል የንግድ ሥርዓት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዛምቢያ፣ በማላዊና በዚምባብዌ ጠረፎች ሲሠራበት ኖሯል፤ በዚያም ቅጹን ለነጋዴው የሚያስረዱ ሰዎች በድንበሩ ላይ ተመድበዋል።

እንግዲህ ልቤን የሚያሳዝነው ይህ ነው። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ኮሜሳ ሲመሠረት ከአባላቱ አንዷ ነበረች፤ ነገር ግን በ1993 ዓ.ም. ዘጠኝ አገሮች በመካከላቸው ቀረጥን አንሥተው ነጻ የንግድ ቀጣና ሲጀምሩ ከዚያ ማዕድ ውጭ ቀረች። የአህጉሩ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ሲፈረም ግን ፈርማለች፤ በማግሥቱም ዓመት አጽድቃዋለች፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ቃል ኪዳን መሠረት የመጀመሪያውን ዕቃ ልካለች። ከዚያ የመጀመሪያ ዕቃ በአውሮፕላን የሄደው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚደርሰው በእግር ስለ ሆነ፣ ሁለተኛው በእግር ይሄድ ዘንድ እመኛለሁ።

«በሩ ቢከፈት የኬንያ ሳሙናና የግብፅ ዕቃ አነስተኛ አምራቾቻችንን አይውጣቸውምን?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ስጋታቸውንም አልንቅም። በመርካቶ ሸራ ተራ ጫማ የሚሰፉት ሰዎች ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ርካሽ ጫማ ገበያቸውን ሲያጥለቀልቀው ምን ያህል እንደ ተጨነቁ አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ጫማ የመጣው በኅብረት ስምምነት አልነበረም። የአህጉሩ ስምምነት ዘጠና ከመቶ ከሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ቀረጥ በየደረጃው እንዲነሣ ሲደነግግ፣ እንደ እኛ እጅግ ዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች የዐሥር ዓመት ጊዜ ሰጥቷል፤ ሰባት ከመቶ የሚሆነው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲጠበቅ፣ ሦስት ከመቶውም ፈጽሞ እንዳይነካ ፈቅዷል። ከሁሉም በላይ ሥርዓተ መነሻ የሚባለው ድንጋጌ አለ፤ በአገራችን ቆዳ በአገራችን እጅ የተሰፋው ጫማ ናይሮቢ ሲገባ የዚህ ሥርዓት ተጠቃሚ ሲሆን፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ስም ብቻ የተለጠፈበት ግን አይሆንም። የጉምሩክ ሹም ጥብቅነቱን ሊያሳይ የሚገባው በዚህ ላይ ነው፤ ለስምንት ሣጥን ቲማቲም የሚያወጣውን ትጋት ለሐሰተኛ መነሻ ቢያውለው የጫማ ሰፊውን እንጀራ ይጠብቃል።

ሌላም የሚቀር አለ። የሞያሌዋ ሴትዮ ቲማቲሟን ስትሸጥ ሽልንግ ትቀበላለች፤ ሽልንጉን በመንገድ ላይ ለቆመ መንዛሪ ሰጥታ ብር ትቀበላለች፤ በምንዛሬውም ትቀረጣለች። የጠረፍ ንግድ ደንባችንም ፈቃዱን በነዋሪነት፣ በዕቃ ዓይነትና በዋጋ አጥብቦ ስለ ያዘ፣ ትንሽ ያደገ ነጋዴ ከጠረፍ ነጋዴነት ይወጣል፤ ላኪ ለመሆን ግን ገና ነው፤ በመካከሉ ባለው ባዶ ስፍራ የሚቀበለው ሕግ አላየሁም። ለዚህ መካከለኛ ሰው ስፍራ ማበጀት የብዙ ቢሊዮን ብር ሥራ አይደለም፤ አንድ ቅጽ፣ አንድ የዕቃ ዝርዝር፣ አንድ የዋጋ ጣሪያ፣ ቅጹንም የሚያስረዳ አንድ ትሑት ሰው ነው።

ከሞያሌ በምነሣበት ዋዜማ ስለ ቡሲያው ወረቀት ለእማማ አጫወትኋት። ሣጥኑን ማሰሯን ሳታቋርጥ፣ ገመዱን በጥርሷ ይዛ አዳመጠችኝ። ገመዱን ቋጥራ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ያ ወረቀት የሚጻፈው በምን ቋንቋ ነው? ራሴ ልሞላው እችላለሁ?» አለችኝ።