የደባርቅ ነጋዴና የኮምፒዩተር ተማሪ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስሜን ተራሮች ግርጌ ያለው ባለሱቅ የሸቀጡን ዋጋ በስልክ መቀበልን እየለመደ ሄዷል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በስልክ የሚገባለት ነጋዴ ሁሉ የመጋዘኑን ቆጠራ፥ የዱቤውን ዝርዝር፥ የገብሱንና የባቄላውን ሒሳብ በዚያው ዘዴ ይይዛል ማለት አይደለም። ብዙው ዛሬም የሚታመነው በደብተሩና በማስታወስ ችሎታው ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ዕውቀት ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የተማረ ወጣት ከነጋዴው ደጃፍ ደርሷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የኮዲንግ ትምህርት በነጻ የሚሰጥበት ዕቅድ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ተጀምሯል። ነገር ግን ትምህርት ያለ ሥራ ፍሬ አይሰጥም። በአካባቢው የሚያሠራው ያጣ ምሩቅ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄዱ የማይቀር ነው፤ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

የአገሬው ሰው ለእንዲህ ያለው ሥራ እንግዳ አለመሆኑን ዳባት ታስረዳለች። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገና ኮሌጅ ሳለ በ1989 ዓ.ም. በወረዳው ባቋቋመው የምርምር ጣቢያ የነዋሪው ልደት፥ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። የሰውን ሕይወት በመዝገብ መከታተል የተቻለበት ወረዳ የእህልና የሸቀጥ መዝገብ ማደራጀት አይሳነውም።

በውጭ አገርም ምሳሌ አይታጣም። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ አስተዳደር ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1974 ማኅበር አቋቁመው የወገኖቻቸውን ተማሪዎች ከባለሙያና ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት ያዙ። ጥቂቶች የጀመሩት ይህ ሥራ በኋላ በመላው አገሪቱ ተስፋፍቷል።

«ተማሪ ልምድ የለውም፤ ኔትወርኩም አይታመንም» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ልምድ ግን የሚገኘው በማሠራት ነው። ስለ ኔትወርኩም ቢሆን፥ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ አይዘነጋም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ኮምፒዩተርን መተው ሳይሆን፥ መሥመር ሲቋረጥም የማይቆም መዝገብ የሚያዘጋጅና ሲበላሽ በዕለቱ የሚጠግን ባለሙያ በአቅራቢያ መያዝ ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ መንገድና መሥመር ሲዘጋ ሊደርስ አይችልም።

ወጪውም ቢሆን ለብቻ የሚሸከሙት አይደለም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና። አምስት ወይም ስድስት ባለሱቆች ተባብረው በክረምቱ ዕረፍት አንድ ተማሪ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ በጽሑፍ ውልና በተወሰነ ደመወዝ ቢያሠሩ፤ የእህል ነጋዴው የመጋዘን ቆጠራውን፥ ባለሆቴሉ የእንግዳ መዝገቡን ቢያስጀምር፥ ነጋዴው የጠራ ሒሳብ፥ ተማሪው ሙያና የሥራ ምስክር ያገኛሉ። ደመወዙ ግን በእውነት ሊከፈል ይገባል፤ በነጻ የሚያሠራ ሰው ባለሙያው ጥሎት ቢሄድ ቅር ሊለው አይገባም።

ከደባርቅ የሚጫን እህል ዋጋው የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ የወጣቱም ችሎታ የሚታወቀው ሥራ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት ተማክረው የሚያሠሩትን ተማሪ ቢመርጡ፥ ጥቅሙ ለሱቃቸውም ለአገራቸውም ይሆናል።