የዳሩ በሬ ለምን ይቸኩላል?

በዛሬው ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ የትምህርት ቤት ወረቀትና ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ ነው። ሁለቱ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁን ግንኙነቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በፔሳሕ በዓል መካከል ባሉት ቀናት፣ ወደ አገር ከገቡ ብዙ ጊዜ ያልሆናቸውን ቤተሰቦች ይዘን ወደ አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ቦታው ከባሕሩ ዳር ነው። የጥንቱን ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአፈር ካብ እንደ ግማሽ ክብ ሆኖ ከቦታል። ከነዓናውያን በጭቃ ጡብ የሠሩት፣ ከላዩ ቅስት ያለው የከተማ በር እስከ ዛሬ ይታያል፤ ዕድሜው ከ3800 ዓመት በላይ ነው። በባሕሩ በኩል በቀረው ግንብ ውስጥ ደግሞ ክብ የድንጋይ ምሰሶዎች በአግድም ገብተው ጫፋቸው ብቅ ብሎ ይታያል። የኋላ ዘመን ግንበኞች ከቀድሞ ሕንፃዎች አንስተው ለግንቡ ማሰሪያ ያደረጓቸው ናቸው።

ልጆቹ ሣሩ ላይ ሲሯሯጡ አንድ አባት ቀረብ አሉንና ከደረት ኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እስኪ የምፈርምበትን አሳዩኝ። በዓሉ ሲያልቅ ልጅቱ ይዛ መመለስ አለባት አሉ» አሉን። ወረቀቱ በእብራይስጥ ብቻ የተጻፈ ነው። አነበብነው። አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ከፊዚክስ ክፍል ወጥታ ወደ ሌላ ትምህርት እንድትዛወር ወላጅ መስማማቱን የሚገልጽ ነበር። አባትየው ይህን አላወቁም። ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ። እነሱ አይሆናትም ካሉ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» አሉ። ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣልን የሚፈረምበትን መስመር በጣታችን አሳይተን ያሳለፍንበት ጊዜ ነበር። ሥራው ይበዛል፣ ወረፋው ይረዝማል። ወላጆች «እግዜር ይስጥልን» ብለው ይሄዳሉ፤ ምን እንደ ፈረሙ ግን አያውቁም። ስለዚህ በዚያ ቀን ወረቀቱን በእጃችን ይዘን፣ «ጉብኝቱን እንጨርስና እንነጋገርበታለን» አልናቸው።

ቀጥለን ወደ ጉድጓዶቹ ደረስን። በፓርኩ ውስጥ ጥንታውያን የውኃ ጉድጓዶች በብዛት አሉ። በዚህ አገር በጥንት ጊዜ ከእንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ውኃ የሚወጣበት አንድ መሣሪያ ነበር፤ በእብራይስጥ «አንቲሊያ» ይሉታል። አሠራሩን እንዲህ ብለን አስረዳን። አንድ ከብት በረጅም እንጨት ታስሮ በጉድጓዱ አጠገብ በክብ ይዞራል። እንጨቱ የቆመ ምሰሶ ያዞራል፣ ምሰሶው ጥርስ ያለው የተጋደመ መንኰራኩር ያዞራል። የዚያ ጥርስ የሌላውን፣ ማለት የቆመውን መንኰራኩር ጥርስ ይይዝና ያዞረዋል። በቆመው መንኰራኩር ላይ ማሰሮዎች የተደረደሩበት ገመድ አለ። ማሰሮዎቹ ባዶ ይወርዳሉ፣ ሞልተው ይወጣሉ።

አባትየው እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ይህማ የአውድማ ነገር ነው!» አሉ። «በሬ በክብ ከሄደ ዋናው ነገር ማን ከውስጥ፣ ማን ከዳር ይሁን የሚለው ነው። እኛ ሽማግሌውን በሬ ከውስጥ፣ ጎረምሳውን ከዳር እናደርግ ነበር። ሽማግሌውን ከዳር ካደረግኸው ይደክማል።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ጎን ለጎን ታስረው ዙሩን አብረው ይጨርሳሉ። የዳሩ ግን መንገዱ ረጅም ስለሆነ መቸኮል አለበት። እኩል ይዞራሉ፣ እኩል ግን አይሄዱም» አሉን።

ልጅቱ ከባሕሩ ዘወር አለች። «አባየ፣ ይኸን እኮ ነው መምህሩ ስንት ሳምንት ሲያስተምረን የከረመው!» አለች። መምህሩ «መሂሩት ዛቪቲት» እያለ ሲጽፍ እሷ ቃሉን ትገለብጣለች እንጂ ስለ በሬ እያወራ እንደሆነ አልመሰላትም ነበር።

እንግዲህ ትምህርቱን ለእናንተም እናካፍላችሁ። በእንቅስቃሴ ትምህርት ውስጥ ሁለት ዋና ዋና አካሄዶች አሉ። አንደኛው ቀጥተኛ እንቅስቃሴ ነው። እናቶች በወፍጮ ሲፈጩ መጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። የሸማኔው መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። እነዚህን የምንለካው በሜትር ነው። ሁለተኛው የዙር እንቅስቃሴ ነው። እንዝርት ይሾራል፣ በር በማጠፊያው ላይ ይዞራል፣ በሬ አውድማውን ይዞራል። የዙር እንቅስቃሴ የሚለካው ምን ያህል ማዕዘን እንደ ዞረ በማየት ነው።

የማዕዘኑ መለኪያ ራዲያን ይባላል። እሱንም ቢሆን በገመድ ማየት ይቻላል። ከአውድማው መሐል እስከ ዳሩ ድረስ ገመድ ለኩ። ያንኑ ገመድ በክቡ ዳር ላይ አጣጥፋችሁ አስተኙት። ገመዱ የሸፈነው ያህል ስትዞሩ 1 ራዲያን ዞራችሁ ማለት ነው። ሙሉ ዙር ለመጨረስ ስድስት ገመድና ትንሽ ትርፍ፣ ማለት 6.28 ራዲያን ያስፈልጋል። አውድማው ትልቅም ይሁን ትንሽ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

አሁን ሁለቱን በሬዎች በቁጥር እንያቸው። በፓርኩ አፈር ላይ በእንጨት እየጫርን የሠራነው ሒሳብ ይህ ነው። የውስጡ በሬ ከመሐሉ 2 ሜትር፣ የዳሩ 3 ሜትር ይርቃሉ እንበል። አንዱን ዙር በ30 ሰከንድ ይጨርሳሉ። የሁለቱም የዙር ፍጥነት 6.28 ለ30 ሲካፈል ነው፤ በሰከንድ 0.21 ራዲያን ይሆናል። እኩል ይዞራሉ ማለት ይህ ነው። በእግራቸው የሚሄዱትን ለማግኘት ግን የዙር ፍጥነቱን ከመሐል ባላቸው ርቀት እናባዛለን። የውስጡ 2 ጊዜ 0.21፣ ማለት በሰከንድ 0.42 ሜትር ይሄዳል። የዳሩ 3 ጊዜ 0.21፣ ማለት በሰከንድ 0.63 ሜትር ይሄዳል። እኩል አይሄዱም ማለት ደግሞ ይህ ነው። ሁለቱን አካሄዶች የሚያገናኘው ሕግ በሙሉ ይኸው ነው፦ ቀጥተኛ ፍጥነት ማለት የዙር ፍጥነት ሲባዛ ከመሐል ያለው ርቀት ነው።

በሬዎቹ ቆመው ቆይተው ሲነሡ ደግሞ ፍጥነታቸው ከባዶ ይጨምራል። ይህ የፍጥነት ጭማሪ በእብራይስጥ «ተኡጻ» ይባላል። በ3 ሰከንድ ውስጥ ያችን 0.21 ላይ ከደረሱ፣ የዙር ጭማሪያቸው በየሰከንዱ 0.07 ነው። ይህም ለሁለቱ አንድ ነው። በእግር ሲሆን ግን የዳሩ በሬ ከውስጡ በአንድ ተኩል እጥፍ መፍጠን አለበት። ጅራፉ ሲጮህ መጀመሪያ የሚደነግጠው ለምን ጎረምሳው መሆን እንዳለበት ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። የአንቲሊያ ጥበብ የዙሩን እንቅስቃሴ ወደ ቀጥተኛ መለወጡ ነው። ከብቱ በክብ ይሄዳል፣ ውኃው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከብቱ የታሰረበት እንጨት 3 ሜትር፣ ገመዱ የተጠመጠመበት መንኰራኩር ከመሐል እስከ ዳር ግማሽ ሜትር ነው እንበል። የሁለቱ መንኰራኩሮች ጥርስ እኩል ከሆነ፣ ከብቱ 6 ሜትር ሲሄድ ውኃው 1 ሜትር ብቻ ይወጣል። በዚህ ፈንታ ግን ጉልበት ይተርፋል። በማሰሮዎቹ ያለው ውኃ 60 ኪሎ ቢመዝን፣ በመፋተግ የሚባክነውን ትተን፣ ከብቱ የሚጎትተው 10 ኪሎ እንደ ማንሣት ያህል ነው። በመንገድ የከፈለውን በጉልበት ይቀበላል። መሐንዲሶች ይህን ጉልበትና ርቀት ተባዝተው የሚሰጡትን የማዞር ኃይል «ሞሜንት» ይሉታል። በር የምንገፋው ከማጠፊያው አጠገብ ሳይሆን ከጫፉ በኩል የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለቱ እንቅስቃሴዎች አንድ ላይ የሚገኙበትም ጊዜ አለ። በግንቡ ውስጥ ካሉት ምሰሶዎች አንዱን መሬት ላይ ብናንከባልለው፣ ይዞራል፤ ደግሞም ወደ ፊት ይሄዳል። የአውቶቡስ ጎማም እንዲሁ ነው። በቤታችሁ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ሲጨምቅ በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚዞር ከሆነና ከመሐል እስከ ዳሩ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ዳር ላይ ያለው ልብስ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ነው። አውራ ጎዳና ላይ እንዳለ መኪና ይበርራል፤ ከማድ ቤታችሁ ግን አልወጣም።

ውድ ወላጆች፣ አውድማ ማወቅ ብቻውን የባግሩት ፈተና አያሳልፍም። ልጅቱ ቀመሩን መጻፍ፣ ጥያቄውን በእብራይስጥ አንብባ መረዳት፣ ሒሳቡንም መሥራት አለባት። ያም ሆኖ ነገሩን የማያውቅ ልጅና ቃሉን የማያውቅ ልጅ አንድ አይደሉም። ለሁለቱ የሚሰጠው መድኃኒትም አንድ ሊሆን አይገባም። የቀረበው ወረቀት ግን ሁለቱን አይለይም ነበር።

በዚህ ምክንያት የሚከተለውን እንመክራችኋለን።

አንደኛ፣ ያልተተረጎመላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። «በቋንቋዬ አስረዱኝ፣ ከዚያ እመልሳለሁ» ማለት ድፍረት አይደለም፤ የወላጅ ወግ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከአንድ ትምህርት ቢወጣ ኋላ የትኛው በር እንደሚዘጋበት ጠይቁ። መካኒክስ ለፊዚክስ ባግሩት መሠረት ነው፤ መሐንዲስ ለመሆን የሚፈልግ ልጅም ኋላ ሳያገኘው አያልፍም።

ሦስተኛ፣ ወደ ስብሰባ ስትሄዱ ቋንቋችሁን የሚያውቅ ሰው ይኑር። በትምህርት ቤቱ ሜጋሼር ካለ እሱን ጥሩ፣ ከሌለ ወደኛ ኑ። ልጃችሁን ግን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጉት።

አራተኛ፣ ማታ ማታ ልጃችሁን «ዛሬ ምን ተማርህ? በአማርኛ ንገረኝ» በሉት። በአማርኛ ለማስረዳት ሲሞክር የገባውንና ያልገባውን ራሱ ይለያል። እናንተም የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩት። እንዝርት ያሾረች እናት፣ በሬ ያዞረ አባት፣ ብረት የቀጠቀጠ አያት ስለ እንቅስቃሴ የሚናገሩት አያጡም።

የአባትየውን ነገር ሳንጨርስ አንለያይ። በዓሉ እንዳለፈ አብረናቸው ትምህርት ቤት ሄድን። አባትየው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ልጄ ያልገባት ነገሩ ነው ወይስ ቃሉ?» አሉ። መምህሩ ጥቂት አሰበና፣ «ይህን አልጠየቅኋትም» አለ። ወረቀቱ ሳይፈረም ተመለሰ። ልጅቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በክፍሉ እንድትቆይ፣ በቃላቱ ላይም እርዳታ እንድታገኝ ተስማሙ። ፈተናው ገና ከፊቷ ነው።

እናንተም ወረቀት ሲመጣላችሁ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ይህችን ጥያቄ አንሡ።