ሰባት ቤት ቁጠር ቢሉህ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከመርካቶ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦

«ተወልጄ ያደግሁት አዲስ ከተማ ነው። የተወለድኩት በ1990 ዓ.ም. ሲሆን አሁን በአባቴ ሱቅ እሠራለሁ። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። የምወዳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ልኬ ነበር። የእሷም አባት እንደ አባቴ የጎጃም ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን አክብረው ተቀበሉና ‹ልጁ መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቁጠር› አሉ። እኔ ደግሞ ከአያቴ ስም ወዲያ አላውቅም። ጓደኞቼ ‹አምስት ስም ፈጥረህ ጥራ፣ ማን ያውቅብሃል?› ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድሜ፣ ጓደኞችህን አትስማ። መርካቶ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ የለም ይባላል። ፎርጅድ ቅድመ አያት ይዘህ ሽማግሌ ፊት መቅረብ ግን አያዋጣም። ሰውየው ይህን የጠየቁት ሊያሳፍሩህ አይመስለኝም። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ የቆየ ደንብ ስለሆነ ነው። ሁለታችሁም ከአንድ አገር ከመጣችሁ ጥያቄው ተገቢ ነው። የፈጠራ ስም ብትጠራና ነገ እውነቱ ቢወጣ፣ የምትጎዳው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ልጅቷም ናት።

ከአያትህ ስም አለማለፍህም አይግረምህ። መታወቂያህ ላይ ያለው ሦስት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። መርካቶ ራሷም ሩቅ አትወስድህም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የአራዳውን ገበያ ወደዚህ ሲያዛውር የቆመች ገበያ ናት። «የመርካቶ ልጅ ነኝ» ማለት ያኮራል፤ ሰባት ቤት ግን አያደርስም።

እስቲ በጣትህ ቁጠር። በአንድ ትውልድ ሃያ ስምንት ዓመት እንያዝ። አባትህ በ1962 ገደማ ይወለዳሉ። አያትህ በ1934፣ ቅድመ አያትህ በ1906፣ የእሳቸው አባት በ1878፣ አምስተኛው ሰው በ1850 ይሆናሉ። ሰባተኛው ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ይገባሉ። ግምት ነው፣ ግን ማንን እንደምትፈልግ ያሳይሃል፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነው የምትፈልገው።

ስም ብቻ ይዘህ ብትመጣ ግን አይበቃም። ስም ይመሳሰላል። የአንተና የእሷ ቅድመ አያቶች አንድ ስም ቢኖራቸው አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት? ይህን የሚለየው ኑሯቸው ነው። የት አረሱ? በየትኛው ደብር ተቀበሩ? ጉልተኛቸው ማን ነበር? ሚስታቸው ከየት መጣች? የክርስትና ስማቸውስ?

ዓመተ ምሕረት አትጠይቅ፤ የገጠር ሰው በቁጥር አይዘውም። «ከክፉ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በል። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ረሃብ ነው። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ፣ የእንስሳት ሐኪሞች የደስታ በሽታ የሚሉት፣ የአገሩን በሬ ፈጀ። ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። በሬ የሌለው ገበሬ በዶማ ለመቆፈር ተገደደ፤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ለሕዝቡ ምሳሌ መሆናቸው ተጽፏል። ይኸው በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ቁጥራችን ተመለስ። በግምታችን አራተኛው ሰው ክፉ ቀን ሲገባ የሁለት ዓመት ሕፃን ናቸው። አንተ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የቆምከው ያንን ሕፃን አንድ ሰው ስላተረፈው ነው። ማን አተረፈው? ምን አብልቶ? ወዴት ተሰድዶ? ይህን የሚያውቅ አክስት ካለህ፣ ከአምስት ስም ይበልጥብሃል።

ከማን ልጀምር ካልክ፣ ከእናትህና ከአባትህ እኅቶች ጀምር። ሴቶቹን አትዝለል። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደጋ ዳሞት ውስጥ ኖሮ ያጠናው ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉ በ1973 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ያኔ አንድ ገበሬ ድርሻውን የሚያገኘው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። የዘር ቆጠራ እንግዲህ የመሬት ማስረጃ ነበር ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ግን ቆጠራው ለመሬት ማስረጃነቱ ቀረ፤ ልጆችም ለመማር የሚያስገድዳቸው ነገር አነሰ። ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዛሬ ከሰባ አልፏል። የምትፈልገው ይህን ሰው ነው፤ በተለይ ርስት የተከራከረ ከሆነ። ደግሞም አይጠብቅህም።

እሱን ለማግኘት የእድራችሁን ዳኛ ጠይቅ፤ አባትህን የቀበሩት የአገራቸው ሰዎች እነማን እንደነበሩ ያስታውሱ ይሆናል። እህል በረንዳ ከአገር ቤት ጤፍ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ካሉ በእነሱ በኩል መልእክት ላክ። አገር ቤት ስትሄድ ደብሩን ተሳለም፤ ካህናቱንም በአክብሮት ጠይቅ። በጥንት ብራና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ተራ ገበሬ እዚያ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ከተገኘም በክርስትና ስሙ ሊሆን ይችላል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ወመዘክር ደግሞ ስለ ዘመኑ ያስነብቡሃል።

ቆጠራህ አምስተኛው ላይ ቢቆምስ? የልጅቷን አባት «እስከዚህ ደርሻለሁ፤ የአገራችንና የደብራችን ስም ይኸው፤ ከዚህ በላይ አብረን እንጠይቅ» በላቸው። ለፍቶ መጥቶ እውነቱን የሚናገር አማች አይጠላም። ዝምድና ከተገኘም ከሠርግ በፊት መታወቁ ይሻላል፤ ያማል፣ ግን ከልጅ በኋላ ከሚያም ያነሰ ነው።

አንተም አንባቢዬ፣ ፍቅር እስኪይዝህ አትጠብቅ። እሁድ አክስትህ ዘንድ ሂድ፤ ቡና ሲፈላ ደብተርህን አውጣ።