የአንድ ፔኒ ፓርቲ

የእንግሊዝ ሠራተኞች ፓርቲ አመሠራረት በተነሣ ቍጥር፥ እኛ ተማሪዎች ምስጋናውን ለመጻሕፍትና ለሊቃውንት ለመስጠት እንቸኩላለን። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1900 ዓ.ም. 129 መልእክተኞች ሎንዶን ላይ ተሰብስበው የሠራተኞች ውክልና ኮሚቴ አቋቋሙ። ከ12ቱ የኮሚቴ ወንበሮች 7ቱ ለሠራተኛ ማኅበራት፥ 5ቱ ለሶሻሊስት ማኅበራት ተሰጡ። ከሶሻሊስቶቹ አንደኛው ወገን የመደብ ትግል በዓላማው አልተጻፈም ብሎ በዓመቱ ወጣ። ሥራው ግን ቀጠለ።

በዚያው ዓመት ምርጫ ያሸነፉት ሁለት እንደራሴዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ኬር ሃርዲና ሪቻርድ ቤል ናቸው። ሃርዲ በ10 ዓመቱ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ የገባ ሰው ነው። በ1867ና በ1884 በወጡት ሕጎች ብዙው ወንድ ሠራተኛ ድምፅ የመስጠት መብት አግኝቶ ነበር። እንደራሴ ግን ደመወዝ አልነበረውም። ታዲያ ርስትና ገንዘብ የሌለው ሰው ምን በልቶ ሕግ ያወጣል? በሩ በሕግ ቢከፈትም በረኀብ ተዘግቶ ነበር።

በ1901 የሎርዶች ምክር ቤት በታፍ ቬል የባቡር ኩባንያ ክስ፥ ማኅበር በሥራ ማቆም ለደረሰ ኪሣራ ይጠየቃል ብሎ ፈረደ፤ የባቡር ሠራተኞቹ ማኅበርም 23 ሺህ ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ያን ጊዜ ሲያመነቱ የነበሩት ማኅበራት ወደ ኮሚቴው ጐረፉ። በ1903 እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ፥ ከዚህም ለእንደራሴው በዓመት 200 ፓውንድ እንዲከፈል ተወሰነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በ1906 29 እንደራሴዎች ገቡ፤ ስሙም የሠራተኞች ፓርቲ ተባለ፤ የታፍ ቬል ፍርድም በዚያው ዓመት በሕግ ተሻረ።

ከሊበራሎች ጋር በ1903 በስውር የተደረገው ስምምነት ነው ያስገባቸው የሚሉ አሉ። ስምምነቱ በእርግጥ ረድቷል፤ ነገር ግን ሊበራሎቹ የተዋዋሉት ሰውና ገንዘብ ከያዘ ድርጅት ጋር እንጂ ከባዶ እጅ ጋር አይደለም። በ1909 ደግሞ የሎርዶቹ ፍርድ ማኅበራት ገንዘባቸውን ለፖለቲካ እንዳያውሉ ከለከለ። ትግሉ አልበረደም፤ በ1911 ለማናቸውም እንደራሴ በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ ተቈረጠ።

ፓርቲው በ2024 ምርጫ 411 ወንበር አግኝቷል። የእንደራሴው ደመወዝ ዛሬ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይወጣል፤ ይህም ድል ነው። ነገር ግን በሠራተኛው ፔኒ የሚኖር እንደራሴ የማን አፍ እንደ ሆነ አይረሳም ነበር። እኛም ስለ ሠራተኛው ለመናገር የምንሽቀዳደም ሁሉ፥ ፓርቲውን ያቆመው ራሱ ሠራተኛው መሆኑን አንርሳ። የእኛ ድርሻ ማገዝ ነው እንጂ በስሙ መናገር አይደለም።